ሁለቴ መታ

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። እግሬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ከሰዓት አንዲት ሙሽራ ከነእናቷ ከነአክስቷ መጣች። እናት “ከፍ አድርጊው”፣ አክስት “ዝቅ ይበል”፣ ሙሽሪት ዝም። በመጨረሻ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ “አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?” አልኳት። “መተኛት” አለችኝ። ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከፍም ዝቅም ያላለ ነገር ሠርቼ ሸኘኋቸው። ማዳም “አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ!” አለችኝ። የውበት ሳሎኑ ባለቤት ናት፤ ማዳም የምንላት ሲሏት ስለምትወድ ነው። እጄስ ተባርኳል… እግሬን ማን ይባርክልኝ?

ስገባ አባዬ ቀድሞኝ ገብቷል። ጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሚስትም ነበረች። ሻይ ስቀዳለት አባዬ ጠረጴዛውን በጣቱ ሁለቴ መታ፤ አቆምኩ። “ምን ሆነው ነው የሚያንኳኩት?” ብላ ሳቀች። እኔ ደግሞ ለካ ሰው ይህን አያውቅም ብዬ ገረመኝ። እኛ ቤት “ይበቃል” የሚባል ቃል የለም እኮ። ሁለቴ መምታት ነው። አባዬ ጁዶ ያስተምራል። እዚያ ምንጣፍ ላይ ክንዱ ወይ አንገቱ የተያዘ ሰው ሲያመው ሁለቴ ይመታል፣ የያዘው ወዲያው ይለቃል። ክርክር የለም። ከዚያ ወደ ቤታችን ገባ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ፀጉሬን ስታበጥር ሲያመኝ ጉልበቷን ሁለቴ። ሳህኔ ላይ ስታበዛብኝ ሁለቴ። አባዬ ስብከት ሲያስረዝም ሁለታችንም አንድ ላይ ሁለቴ… ያን ጊዜ ደግሞ ይስቃል።

አዲስ ተማሪ ገባች አለኝ። “ቀጭኔ የምታክል ልጅ!” ገና ልብሷን ሳትቀይር “ማስተር፣ ይሄ ነገር ውጭ ይሠራል?” አለችው።

“ምን አልካት?”

“ቅዳሜ ልጄን እዪያት አልኳት።”

ደክሞኝ ነበር። ግን ደስ አለኝ።


ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

ቀጭኔን አየኋት። ስም ማውጣት ከአባዬ በላይ ላሳር። መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። የተፋታችው ሰውዬ ሥራ ስትወጣ ከመንገዱ ማዶ ይቆማል አለችኝ። አይናገርም፣ አይነካትም፤ ይቆማል። እሷ በኋላ በር ወጥታ በዙሪያ መንገድ ትሄዳለች። “ምን አለ ሲነካኝ አንድ ቀን ብጥለው” አለች። ሲነካኝ… “ቢነካኝ” እንኳ አላለችም።

አባዬ እኔን አቁሞ አሳያት። ትልቁን ልጅ፣ መካኒኩን፣ ጣልኩት፣ ክንዱን ቆለፍኩት፣ ሁለቴ መታ፣ ለቀቅኩት፣ ወደ ኋላ ብዬ እጅ ነሳሁ። ቀጭኔ አፏን ከፍታ ቀረች። አባዬ የተለመደውን ጀመረ። “ጉልበት በሬም አለው። እኛን ሰው የሚያደርገን መልቀቃችን ነው። ሁለቴ ሲመታ እጃችሁ ከጆሮአችሁ ቀድሞ ይስማ!” በልጅነቴ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመዝሙር በፊት ነው የለመድኳት። መካኒኩ ከጀርባው ቆሞ አፉን እያንቀሳቀሰ አብሮ ይላታል። ሳቅኩ፣ ተቆጣኝ።


ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

ሳሎን ውስጥ ክርክር። አንዷ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ ስለ ጁዶ ሰማች። “ይሄ ተቃቅፎ መውደቅ? ሰው ቢላ ይዞ ቢመጣ ‘ቆይ ልብሴን ልቀይር’ ልትይው ነው?” ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ማዳምም “የኔ ጁዶ ሩጫ ነው፤ እሱም በተረከዝ ጫማ!” አለች። ሳቅኩኝ፣ ግን ከነከነኝ። የአባቴን ዕድሜ ሙሉ ሥራ ነው እኮ የምታወሩት! “የያዝኩት ሰው አምልጦኝ አያውቅም” አልኩ። ወሬ ቀየሩ። አፌን በቆረጠው… አይ፣ ምን ክፉ ተናገርኩ? እውነቴን ነው።


ጥቅምት 23፣ ሐሙስ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ይምሰል። ለማን ላሳየው ነው?

ቀኝ እጄ እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። እንደ ክቡር እንግዳ።

ዓርብ ነው የሆነው። ገና አልመሸም፣ ዳቦ ቤቱ ክፍት ነበር። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ሳልፍ ቦርሳዬን ከኋላ ያዘ። ላብ ላብ ይሸታል፣ ይቸኩላል። ሰጥቼው ብሄድስ ኖሮ? ውስጡ መቀሶቼ ነበሩ፣ እጄን የለመዱ የራሴ መቀሶች። አልሰጠሁትም። ደግሞ አስቤ ነው ብዬ አልዋሽም። ክንዱን ያዝኩ፣ ዞርኩ፣ ወደቀ። ክንዱን ቆለፍኩት።

ሠራ! አንዳች ሳይጎድል ሠራ። ያቺ ካስክ ሥር ያለች ሴት ባየችኝ አልኩ… እውነቴን ነው፣ እዚያ አስፋልት ላይ ሆኜ እሷን አሰብኩ። “ሰው ድረሱልኝ!” ብዬ ጮህኩ። ዳቦ ሻጯ ብቅ አለች፣ ወደ ውስጥ ተጣራች። ትንሽ ብቻ… እስኪመጡ ትንሽ ብቻ ብይዘው ይበቃኝ ነበር።

አመመው። በሌላ እጁ አስፋልቱን መታ። ጠ፣ ጠ።

ለቀቅኩት።

ለቀቅኩት! ደግሞ መልቀቅ ብቻ? እንዲነሳ ቦታ ሰጠሁት። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አልኩለት። እጅ ልነሳው ምን ቀረኝ? እሱ ራሱ ግራ ገባው፣ አየኝ፣ ከዚያ ተነሳ። ሲነሳ ቢላ ይዟል። ፊቴን ልከልል መዳፌን ዘረጋሁ…

ቦርሳዬን ትቶ ሮጠ። መቀሶቼ ደህና ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እኔ ደግሞ የብብቴን ይዤ ክንዴን ጣልኩ።


ጥቅምት 26፣ እሑድ

የእጅ ሐኪሙ ጅማቶቹን ሰፍቻቸዋለሁ አለ። አውራ ጣቴ ይሠራል። ሌሎቹ “እናያለን”። ሐኪም እናያለን ሲል ምን ማለት ነው?

አባዬ አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥልኛል። ከዚያ፦

“ጥለሽው ነበር?”

“አዎ።”

“ቆልፈሽው ነበር?”

“አዎ አባዬ።”

“ታዲያ ከእጅሽ እንዴት ወጣ?”

ምን ልበለው? ዓይኑን አየሁት። “አላበውና… አዳለጠኝ” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ብርቱካኑን ጨርሶ ላጠው፣ ነጩን ክር እንኳ አንድ በአንድ ለቀመው። “ያላበው ክንድ አያዳልጥም፣ ወገብ ከተጠጋ” አለ። ለራሱ ነው ያለው።


ጥቅምት 29፣ ረቡዕ

ትራሱን መሬት ላይ አጋድሞ ሲቆልፈው አገኘሁት። ሽማግሌ ሰውዬ ከትራስ ጋር! ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪያመኝ እስቅ ነበር። “ነይ፣ ወገብሽ እንዲህ ነበር? ወይስ እንዲህ?” እንዲያ አልኩት፣ የተሳሳተውን መርጬ። “አየሽ! እኮ! አልተጠጋሽም!” ደስ አለው… ስህተቱ የኔ ሲሆንለት ደስ አለው። ደስ ያለው ግን ጁዶው ስላልከዳው ነው፣ ያውቀዋል አንጀቴ። ወደ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ዝም ብዬ ልቻለው፣ ምን አለበት። እኔ እጄን አጥቻለሁ፣ እሱ ደግሞ ለምን ዕድሜውን ይጣ?


ኅዳር 4፣ ሰኞ

ማዳም ሙዝና ወሬ ይዛ መጣች። “ወንበርሽ ይጠብቅሻል፣ ማንም አይቀመጥበትም” አለች። ስታወራ ግን አዲስ የገባችው ልጅ እጇ ይፈጥናል የምትል ቃል አመለጠቻት። ከዚያ ደነገጠች። “ለጊዜው ነው እኮ” አለች። ማዳም ክፉ አይደለችም። ደንበኛ ፀጉሩ እስኪደርቅ እንጂ የሰው እጅ እስኪድን አይጠብቅም።

ከሄደች በኋላ ማበጠሪያ በቀኝ እጄ ለመያዝ ሞከርኩ። ወደቀ። አነሳሁት፣ ወደቀ። ሆድ ባሰኝና በእግሬ አልጋው ሥር ገፋሁት።


ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ምነው ዛሬ ባልሄድኩ!

አባዬ “ልጆቹ ሊያዩሽ ይፈልጋሉ” ሲለኝ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል። በአብዛኛው ሴቶች፣ በአብዛኛው አዲስ። ለካ ወሬው ዞሯል። መግቢያው ላይ በቀይ ቀለም “ራስን መከላከል” ተብሎ ተጽፏል፤ ድሮ “ጁዶ” ብቻ ነበር የሚለው። አባዬ ሲያየኝ ተማሪዎቹን አስቆመ። “ይህቺ ልጄ ቢላ የያዘ ወንድ ብቻዋን ጥላዋለች! ወገቧን ብታስጠጋ ኖሮ እስከ ዛሬም አይነሳም ነበር!” አጨበጨቡልኝ። ቀጭኔ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች። የተጠቀለለ እጄን ይዤ እንደ ዋንጫ ቆምኩ።

ከዚያ ልምምድ ጀመሩ። ሁለት ሁለት ሆነው ይወድቃሉ፣ ይቆልፋሉ፣ ይመታሉ። ጠ ጠ… ይለቃሉ። ጠ ጠ… ይለቃሉ። በየማዕዘኑ ጠ ጠ። ድሮ ለኔ የደስታ ድምፅ ነበር፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ዓይነት። ዛሬ ግን እያንዳንዷ ስትለቅ አየኋት። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ እጅ መንሳት። ቀጭኔም ለመደችው። ጓደኛዋ ገና ሁለተኛውን ሳትመታ ለቀቀቻት። አባዬ “ጎበዝ! እጇ ሰማ!” አለ።

ውጪ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አስመለሰኝ። መካኒኩ ውሃ አመጣልኝ። “መድኃኒቱ ነው” አልኩት።


ኅዳር 13፣ ረቡዕ

ያቺ ካስክ ሥር የነበረች ሴት ትክክል ናት? አይደለችም። ውጭ አይሠራም አለች። ሠርቷል እኮ! ጣልኩት፣ ያዝኩት፣ ሁሉም እንደተማርኩት ሆነ። መልቀቁም እንደተማርኩት ሆነ… የተማርኩት ሁሉ ነው የሠራው። ምንጣፉ ላይ ሰው ሲመታ “አምንሃለሁ” ማለቱ ነው። አስፋልቱ ላይ ደግሞ የሚመታ ሰው አመመው ብቻ ነው። ለእጄ ልዩነቱን ማን ነገረው? ማንም።

ቀጭኔ ዛሬ ከሥራ በኋላ ልትጠይቀኝ መጣች። ትከሻዋ ሰፍቷል፣ ቀና ብላ ትሄዳለች። “ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በፊት በር ነው የምወጣው” አለች። “ይምጣ! እጠብቀዋለሁ!” ዓይኗ ያበራል።

“ተይ፣ በዙሪያው ሂጂ” አልኳት።

“አንቺ ነሽ ይህን የምትይኝ? አንቺ?”

“እኔ ነኝ። እስክነግርሽ ድረስ በዙሪያው ሂጂ። በሞትኩት!”

ቅር ብሏት ሄደች። የፈራሁ መሰላት። ይምሰላት… ግን እስከ መቼ? ለሷ ብነግራት ለአባዬ ይደርሳል፣ ደግሞ አባቴን ከጀርባው አላማውም። ቢነገረው ቅስሙ ይሰበራል። ባይነገረው ይህቺ ልጅ አንድ ቀን ያን ሰውዬ ጥላ፣ ቆልፋ፣ ሁለቴ ሲመታ…

ቁጭ ብዬ አባዬን ጠበቅሁት። ሲገባ እየዘፈነ ገባ። ነገ አልኩ።


ኅዳር 15፣ ዓርብ

ነገርኩት።

ጠዋት ነጭ ልብሱን እየተኮሰ ነበር። ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ ራሱ ነው የሚተኩሰው፣ ኮሌታውን ሦስቴ ነው የሚመላለስበት። “አባዬ፣ አላዳለጠኝም” አልኩት።

“ምኑ?”

“ክንዱ። አላዳለጠኝም። ሁለቴ መታ።”

ካውያው ቆመ። ጨርቁ መሽተት እስኪጀምር ድረስ ቆመ። እኔ ነኝ ከእጁ ተቀብዬ ያነሳሁት።

“ሁለቴ?”

“ሁለቴ። አስፋልቱን።”

“ተማሪ ነበር እንዴ? የኔ ተማሪ?”

“አይደለም አባዬ! ምንም አያውቅም። አመመው፣ መሬት መታ። ሰው ሲያመው መሬት ይመታል እኮ። እኔ ለቀቅኩት።”

ወንበር ፈለገ፣ ተቀመጠ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቀስ ብሎ፦ “እንግዲያው ወገብሽ ትክክል ነበር” አለ።

“ትክክል ነበር።”

“አስጠግተሽው ነበር።”

“አስጠግቼው ነበር አባዬ።”

“ወር ሙሉ… ወር ሙሉ በሰው ፊት አላስጠጋችም እያልኩ…” አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባቴ ሲያለቅስ እማዬ ስትሞት እንኳ አላየሁም። ያኔ በር ዘግቶ ነው ያለቀሰው። ዛሬ ግን በር መዝጋቱም አልታሰበው። ልይዘው ስጠጋ የተጠቀለለውን እጄን አየና ዘወር አለ።

ልብሱ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። ያንኑ ለብሶ ሄደ።


ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

ለሁሉም ነገራቸው። እኔ አልሄድኩም፤ መካኒኩ ነው የነገረኝ። ምንጣፉ መሀል ቆሞ፦ “ይህ ቤት ሰውን ሳይጎዱ መጣል ያስተምራል። ውጭ ያለው ሰው ግን የዚህ ቤት ሰው አይደለም። ቦርሳ ሲሉህ ስጥ። ሩጥ። ጩኽ። እኔ ልጄን መያዝ አስተማርኩ፣ መልቀቅ አስተማርኩ፣ ማንን እንደምትለቅ አላስተማርኳትም” አላቸው። ከዚያ ቢላ ወስዶ የመግቢያውን ቀይ ጽሑፍ ፋቀ። “መ” ብቻ አልለቅ ብላው ቀርታለች አለኝ መካኒኩ፣ ሊያስቀኝ ብሎ።

ግማሾቹ ነጭ ልብሳቸውን አጣጥፈው ሄዱ። ቀጭኔ ግን ጮኸችበት አሉ። “ታዲያ እኔ ምን ላድርግ ማስተር? በዙሪያ መንገድ እስክሞት ልሂድ?”


ኅዳር 22፣ ዓርብ

መልሱን አገኘ። ቀጭኔ ሥራ ስትወጣ ጃንጥላውን ይዞ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ዝናብ ይኑር አይኑር። ቤቷ አድርሷት ይመለሳል። መካኒኩም በተራው። ፖሊስ ጣቢያም አብሯት ሄዶ ሰውዬውን አስመዝግበዋል። “ሰውዬው አላየህም?” አልኩት። “አይቶኛል። ሰላም አልኩት” አለኝ። “ከዚያስ?” “ምን ከዚያ አለው? አንድ ሽማግሌ ሰላም ካለህ በኋላ ቆሞ ማፍጠጥ ይከብዳል።”

ዕድሜ ሙሉ የተማረው ጁዶ፣ መጨረሻው ጃንጥላ! ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። እሱ ግን አልሳቀም። እጄን እያየ ነበር።


ታኅሣሥ 1፣ እሑድ

ጠዋት “ነይ አዳራሽ እንሂድ” አለኝ። ሰው የለም። ምንጣፉ ላይ ተጋደመ፣ ቀኝ ክንዱን ዘረጋልኝ። “ቆልፊኝ።”

“አባዬ፣ እጄ…”

“በቀኝ ክንድሽ ከሥር፣ በግራ እጅሽ ከላይ። ጣት አያስፈልገውም። ስመታ አትልቀቂ።”

ገባኝ። ለምን እንዳመጣኝ ገባኝ። “አልፈልግም” አልኩት።

“እኔ ሁልጊዜ ጃንጥላ ይዤ አልኖርልሽም” አለ።

ቆለፍኩት። መታ፣ ጠ ጠ። ለቀቅኩት። “እንደገና።” ለቀቅኩት። “እንደገና!” አልለቅም ብዬ እየማልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ… ለቀቅኩት። አባቴ ነው እኮ! ከመራመዴ በፊት ያስተማረኝ ነው! ተቆጣ። እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። “ይህ እጅ እኔን ነው የሚሰማው፣ አንቺን አይሰማም! ቢላውን እያየሽ ትለቂያለሽ? አሁንም ትለቂያለሽ?” ከምንጣፉ ወጥቶ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተጋደመ። “ቆልፊ!”

ቆለፍኩ። መታ። ሲሚንቶ ላይ ድምፁ ሌላ ነው። ያንን ነው። ልክ ያንኑ ነው… ዓይኔን ጨፈንኩ። ዳቦ ቤቱ ሸተተኝ። ያዝኩ። ጠ ጠ። ያዝኩ። ስንቴ እንደመታ አላውቅም፣ አልሰማሁማ። የሰማሁት ትከሻው ቋ ሲል ነው።

ዓይኔን ስከፍት ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ግንባሩ ላብ በላብ። “መጀመሪያ የመታሁት ለትምህርት ነበር” አለ። “ኋላ የመታሁት ግን የእውነት ነበር።” ከዚያ ደግሞ ፈገግ ለማለት ሞክሮ፦ “ጎበዝ” አለኝ።

ጎበዝ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው? ምን ዓይነት አባት ነው እግዜር የሰጠኝ?


ታኅሣሥ 5፣ ሐሙስ

ትከሻው ወልቆ ነበር፣ መለሱለት፤ ግን የውስጡ ጅማት አርጅቷልና ተበጥሷል አሉ። ከእንግዲህ ከደረቱ በላይ አያነሳውም። እኔን የሰፋኝ ያው የእጅ ሐኪም ነው ያየው። “እናንተ ቤት ምንድን ነው ያለው?” አለ። እውነቱን ነው።

ሁለት ግራ እጅ ያላት አንድ ቤት። የልብሴን ቁልፍ እሱ ይቆልፍልኛል፣ እኔ ጫማውን አስርለታለሁ። አንዱን ቋጠሮ ለሁለት እየተጋገዝን ስናስር ማን የቱን ክር እንደሚስብ ጠፋብን፣ ተጣላን። “እኔና አንቺ ተደምረን አንድ ሰው አንወጣም” አለ።

“ለምን አደረግከው?” አልኩት።

“ሌላ ምን አለኝ የምሰጥሽ?” አለኝ።


ታኅሣሥ 19፣ ሐሙስ

የእጅ ሐኪሙ “እናያለን” ማለቱን ትቷል። ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም። መቀስ አይዙም። ቀስ አድርጎ ነው የነገረኝ፣ ሰው የሚያከብር ሐኪም ነው። ማዳም ስልክ የማነሳበትና ቀጠሮ የምይዝበት ሥራ ሰጥታኛለች። መቀሶቼን ለአዲሷ ልጅ ሰጠኋት። እንዴት እንደምትይዛቸው ላለማየት ፊቴን አዙሬ ነው የተቀመጥኩት።

ቀጭኔ በፊት በር ትወጣለች። ሰውዬው ፖሊስ ጣቢያ ከተጠራ ወዲህ አልታየም። አሁንም ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ነው የምትሄደው። አዳራሹ መምጣቷን አልተወችም። ለምን ስላት “መውደቅ ደስ ይለኛል፣ የሚያነሳኝ ስላለ” አለችኝ።


ጥር 4፣ ዓርብ

ሳሎን ውስጥ አዲሷ ልጅ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ፣ ልታስቀኝ። እጇን ያዝኩት። “አመመኝ!” እስክትል አልለቀቅኩም። ይቅርታ ጠየቅኋት። ማዳም በመስታወት ውስጥ አየችኝ።

ስለዚህ ተምሬዋለሁ። አባዬ ይህን ብነግረው ደስ ይለዋል? አልነገርኩትም።


ጥር 13፣ እሑድ

ቀኑ ጥሩ ነበር። አባዬ አዳራሽ አልሄደም፤ መካኒኩ ነው አሁን የሚያስተምረው፣ ያችኑ ዓረፍተ ነገር እየደገመ። የልብስ ሰፊው ሚስት መጥታ ሄደች። መስኮቱን ከፍተን ሬዲዮ ሰማን። አባዬ የሚቆራረጥ ሬዲዮ ሲሰማ የተናደደ መስሎ መደሰት ይወዳል።

ሻይ አፈላሁ። ማንቆርቆሪያውን በግራ እጄ ለምጄዋለሁ፣ አይፈስብኝም። ፊት ለፊቱ ቆሜ ቀዳሁለት። ስለ ቀጭኔ እያወራሁት ነበር፣ አረንጓዴ ቀበቶ ልታገኝ ነው እያልኩ። ትኩስ ነገር እግሬ ላይ ሲንጠባጠብ ነው ዝቅ ብዬ ያየሁት። ስኒው ሞልቶ፣ ማስቀመጫው ሞልቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈስሶ፣ ሱሪው ላይ እየወረደ። የግራ እጁ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። እየመቱ ነው።

ስንት ጊዜ መትቷል? እኔ እንጃ።

እግሩን አልሰበሰበም። ቀና ብሎ አየኝ። ልክ እኔ ያን ረቡዕ እዚህ የጻፍኩትን ጥያቄ ነው ፊቱ ላይ ያነበብኩት። ለእጄ ልዩነቱን ማን ይንገረው?

“ይበቃል፣ ልጄ” አለኝ።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ። እዚህ ቤት ይህ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነው። ሁለታችንም ሰማነው። ከዚያ አባዬ በግራ እጁ ጨርቅ አንስቶ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረ፣ እኔም በግራ እጄ ከሌላው ጫፍ።